ፍሪሲዮኑ የሚሸትበት መንገድ

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ከሩቅ አውቃለሁ። እንጀራዬ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የመንጃ ማሠልጠኛ ከተማሪው ጎን ባለው ወንበር ተቀምጬ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን የፍሪሲዮን ፔዳል ግማሽ ድረስ ረግጦ እዚያው ላይ እግሩን የሚያሳርፍ ሰው ሲያጋጥመኝ አፍንጫዬ ከዓይኔ ቀድሞ ይነግረኛል። የተለበለበ ፀጉር የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። "እግርህን አንሣ! የሰው ንብረት ነው የምታቃጥለው!" ብዬ ስጮህ ይደነግጣሉ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ግማሽ ነገር አልወድም። ፍሪሲዮን ወይ ይረገጣል ወይ ይለቀቃል፤ መሀሉ ላይ መዋል የመኪናውን ዕድሜ መብላት ነው እያልሁ ስንቱን አስመርሬያለሁ።

የዚያን ሰሞን ነገር ሳስታውስ ግን ሽታው ብቻውን አይመጣልኝም። ከበርበሬ ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። በርበሬ ተለቅሞ በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳር የተሰጣበት ወቅት ነበር። ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ቀልቶ፣ አቧራው ፀሐይዋን አደብዝዟት፣ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ይሄድ ነበር። ቀኑ የማይመሽ ይመስላል። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያ መንገድ መጨረሻ የለውም፤ አባቴ መሪውን ይዞ፣ እናቴ አጠገቡ አንቀላፍታ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ እንሄዳለን፣ እንሄዳለን።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ይኖራል፤ ሲደውል ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ ነው ሰላም የሚለኝ።

"አምና የተቀየረ ፍሪሲዮን ዘንድሮ እንዴት ያልቃል?" አለኝ። "እማ ደውላልኝ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ስቀመጥ ጭስ ጭስ ይለኛል፣ አባትህ እግራቸው ከድቷቸዋል፣ ቁልፉን ተቀበሏቸው ብላኛለች። አንቺ ባለሙያ ነሽ፤ አይተሽ ንገሪኝ። ችግሩ የመኪናዋ ከሆነ ትሠራለች። የሳቸው ከሆነ ግን ትሸጣለች፤ አንድ ቀን ሰው ሳይገጩ።"

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ይዞ ጎጃምን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሯታል። ጡረታ ሲወጣ ያለውን አሟጦ የኋላ ወንበር ያላትን ያችን አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ገዛ። መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። እሳቸው መኪና ላይ የተሳፈረ ሰው ማርሽ መቀየሩን የሚያውቀው በጆሮው ነው ይባልለት ነበር፤ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል፣ ደስታውን መደበቅ አይችልበትም። ቁልፉን ከእጁ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ወንድሜም አይጠፋውም። ለዚህ ነው ፍርዱን እኔ ላይ የጣለው። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተናደድሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

በማግስቱ ወላጆቼ ቤት ሄድሁ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ቆማለች። አባቴ እጁን አጣጥፎ ከጎኗ ቆመ። ምን ልሠራ እንደመጣሁ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርሁትም። እኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ነገር ዙሪያውን ይኬድበታል እንጂ በሩ አይንኳኳም።

"እንዲያው ልያት ብዬ ነው፣ አባባ።"

"እያት እንጂ ልጄ። እጅሽንም ታፍታቻለሽ።"

ሞተሩን አስነሣሁ። የእጅ ፍሬኑን ሳብ አድርጌ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ደኅና ፍሪሲዮን ቢሆን መኪናዋ ተንገጫግጫ ሞተሩ ወዲያው በጠፋ ነበር፤ ያለቀ ፍሪሲዮን ግን ሞተሩን መያዝ ስለማይችል ምንም እንዳልተፈጠረ መሽከርከሩን ይቀጥላል። የአባቴ መኪና ትንሽ አቃሰተችና መሥራቷን ቀጠለች። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ፔዳሉም የሚይዘው መጨረሻው ላይ፣ እግሬን ሙሉ በሙሉ ላነሣ ስል ነው። ለተማሪ ሲሆን ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የማስረዳው። ያን ቀን ሞተሩን አጠፋሁ። ቀና ስል አባቴ የማንጎውን ቅጠል ያያል።

እናቴ ከቤቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስወጥታ ተቀምጣለች። "ምን አገኘሽባት?" አለችኝ።

"ፍሪሲዮኗ አልቋል።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ማን ጨረሰው ነው እንጂ።"

ይህን ስትል ወደ አባቴ አልዞረችም። እሱም እንዳልሰማ ሆነ። ያኔ በእናቴ ተቀየምሁ፤ አብራው ያረጀች ሴት እንዴት ለልጇ አሳልፋ ትሰጠዋለች አልሁ በልቤ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ቀን መኪናዋን እያባበልሁ ቡሬ አደረስኋት። ቡሬ ያለው መካኒካችን ሲናገር ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ አወረደና ሞተሩንና ማርሹን የሚያያይዘውን፣ ሸራ የተለበጠበትን ሳህን አወጣው። ሸራው ተልጦ ብረቱ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ የሚያርፍበት ብረትም ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል።

"ፎርጅድ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ሸራው ፎርጅድ ነው! እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያስገባ ሰው መታሰር አለበት!"

"አምና ያስገባኸው አንተ ነህ" አልሁት።

"እሱስ እኔ ነኝ" አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ።

ሰማያዊውን ብረት ግን ፎርጅድ ሸራ ሳይሆን ፔዳል ላይ የሚያርፍ እግር ነው የሚያመጣው። ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ብዬ ሁሉንም አየሁ። ከሞተሩ ዘይት ቢፈስ ሸራው ያዳልጠው ነበር፤ ዙሪያው ደረቅ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ የሚሄድበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ አለው። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ የሚጮህ ነገር የለም። መኪናዋ ጤነኛ ናት። አዲስ ሸራ ገባላት፤ ስመለስ እንደ ወጣት ተፈትልካ ሄደች። እኔ ግን ማንኩሳን አልፌ ፍኖተ ሰላም እስክገባ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቤት ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሰው በወሬ አይፈርድም። ሳላይ አልናገርም ብዬ አንድ የገበያ ቀን ምክንያት ፈጠርሁ፤ ጅጋ የማደርሰው የበርበሬ ጆንያ አለኝ፣ ይውሰዱኝ አልሁት። አባቴ ደስ አለው። ጆንያውን ጭነን እንደወጣን በየመንገዱ እጃቸውን የሚያነሡ ገበያተኞች ጀመሩ። አባቴ ሰው አልፎ መሄድ አያውቅም፤ ከኋላ ዶሮ የያዘች፣ ማር የተሸከመ፣ በትር የያዘ አዛውንት ሞላ። መኪናዋ ሸክሙን ይዛ ወደ ዳገቱ ስትወጣ ዓይኔን ከግራ እግሩ ላይ አልነቀልሁም።

ማየት ደስ ይል ነበር፣ እውነቴን ነው። እግሩ ይረግጣል፣ ማርሹ ይገባል፣ እግሩ ይነሣና ከፔዳሉ ርቆ ወለሉ ላይ ያርፋል። ምንም የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም፣ የሚያመነታም የለም። ዳገት ላይ ላም መንገድ ዘግታበት ሲያቆም በእጅ ፍሬኑ ይዞ፣ ሲነሣ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ተነሣ። ተማሪዎቼን ሁሉ ሰብስቤ ባሳየኋቸው አሰኘኝ። ንፋሱ በመስኮቱ ይገባል፣ ከኋላ ያሉት ሴቶች የሚያወሩት በቁርጥራጭ ይሰማኛል፣ የኑጉ ማሳ ቢጫ ሆኖ ይመጣና ያልፋል፤ ልጅ ሆኜ ከዚሁ ሰውዬ አጠገብ ተቀምጬ የማልመው ሕልም ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ጅጋ ስንደርስ ወርጄ ከመኪናዋ ሥር አሸተትሁ። ከአቧራና ከበርበሬ በቀር ምንም አይሸትም።

"ምን ጠፋብሽ?" አለኝ አባቴ።

"የጆሮ ጌጤ" አልሁ። የጆሮ ጌጥ አድርጌ አላውቅም፤ እሱም ያውቃል። አላጠያየቀኝም።

ለወንድሜ ስደውል "ሸክም ጭነው፣ ዳገት ወጥተው፣ ምንም የለም" አልሁት። "ታዲያ ማን አቃጠለው?" አለኝ። 

የእናቴ ማኅበር ቀን ደረሰ። እናቴ የተወለደችው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች የገጠር ደብር ነው፤ እናቷ የነበረችበትን የማርያም ማኅበር ስፍራ ወርሳ፣ ከትዳሯ በፊት ጀምሮ በየወሩ ትሄዳለች። እዚያ የሚጠብቋት ሴቶች አብረዋት ያረጁ ናቸው። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ከመካከላቸው አንዷ መንገድ የማያስኬድ ሕመም ከያዛት ዳቦና ጠላ ይዘው ቤቷ ድረስ ይጠይቋታል፣ ስፍራዋ ግን ለልጇ ይተላለፋል። ቅር ብሎት የሚከራከር የለም። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ቤቷ ተቀምጣ ስለ ማኅበሩ የምትሰማው ከሌሎች አፍ ነው።

ያን ቀን እኔም ልሂድ አልሁና ከኋላ ወንበር ገባሁ። እናቴ ከፊት፣ ጋቢዋን አጣጥፋ ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠች። እስከ ቡሬ አስፋልቱ ላይ ወሬ ነበር፤ የእገሌ ሠርግ፣ የበቆሎው ዋጋ፣ የዘንድሮ ዝናብ። ከቡሬ ወጥተን የኮረት መንገዱ ሲጀምር እናቴ ዝም አለች፤ ትንሽ ቆይታም አንገቷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባቴ የሚነዳው ነገር እኔ የማውቀው መንዳት አልነበረም። ጅጋ መንገድ ላይ ያየሁት እግር ጠፍቷል። የግራ እግሩ ፔዳሉ ላይ አርፎ፣ ግማሽ ረግጦ፣ በጥቂቱ እየለቀቀ እየያዘ፣ መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር እንኳ ሳትነቃነቅ ታንሳፍፈን ነበር። ጉድጓድ ሲያይ ፍሬን አይነካም፤ ፍሪሲዮኑን ጫን አድርጎ ሞተሩን ከጎማው አላቆ በራሷ ክብደት ቀስ ብላ እንድትወርድ ይተዋታል፣ ከዚያ መልሶ እንደ ሕፃን እጅ ይይዛታል። ውስጡ ጸጥ ብሏል። ቀዩ በርበሬ በግራ ያልፋል፣ በቀኝ ያልፋል፣ የእናቴ አፍ ትንሽ ተከፍቷል፣ የነጠላዋ ጫፍ በትንፋሿ ይነሣል ይወድቃል። እኔም ልተኛ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሽታው መጣ። የተለበለበ ፀጉር የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር።

ተማሪ ቢሆን ጮኼበት ነበር። አፌን ስከፍት አባቴ በመስታወቱ አየኝ። እጁን ከመሪው ሳያነሣ አንዲት ጣቱን ብቻ ከፍ አደረገ፤ ዝም በይ፣ እንዳትቀሰቅሻት። 

ደብሩ ጋ ስንደርስ እናቴ ነቃች። አፍንጫዋን ሸፈነች። "ይኸው፣ ጭሱ!" አለች ወደ እኔ ዞራ። "እኔ ነኝ የማወራው?" ከዚያ ማኅበርተኞቿን አየችና ፊቷ በራ። አባቴ ዞሮ በሩን ከፍቶላት ክርኗን ይዞ አወረዳት። ሴቶቹ እየሳሙ፣ እየተንጫጩ ወሰዷት፤ መሀላቸው ስትገባ የሠርጓ ቀን ያለች ትመስል ነበር።

እኔና አባቴ ከአጥሩ ውጭ አንድ የብሳና ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከውስጥ የሴቶቹ ድምፅ ይመጣል። የነገሩን ዙሪያ መሄድ ሰለቸኝና በሩን አንኳኳሁት።

"ለማን ብለው ነው እንዲህ የሚነዱት፣ አባባ? ጅጋ ስንሄድ እንዲህ አልነዱም።"

በትር ቢጤ አንሥቶ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። "ለእናትሽ ነው፤ ዳሌዋን ያማታል" አለ። "አንድ ቀን ከመኪናው ስትወርድ በሩን ይዛ ቀረች። የምትወድቅ መስሎኝ ስሮጥ፣ ነጠላዬ ተይዞብኝ ነው አለችኝ። ነጠላዋ አልተያዘም ነበር። ከዚያ ወዲያ ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር ፊቷን አያለሁ። አስፋልቱ ላይ ትችለዋለች። እዚህ መንገድ ላይ ነው የሚብስባት። እንዲህ ይዤ ስሄድ ግን ይተዋትና እንቅልፍ ይወስዳታል።"

"ለምን አልጠየቋትም?"

"ጠይቄያት አዎን ብትለኝስ? እናንተ ትሰማላችሁ። መንገድ አትሂድ ትላላችሁ፤ ደግም ብላችሁ ነው። እዚህ ስትወርድ ፊቷን አይተሻል አይደለም?"

አይቻለሁ። ግን ተናድጄ ነበር። "እሷ ራሷ እኮ ናት ቁልፉን ተቀበሏቸው የምትለው!" አልሁት። "እግራቸው ከድቷቸዋል እያለች ለልጅዎ የምትደውለው እሷ ናት!"

አባቴ ሳቀ። "ይሁና። ተኝታ እኮ ነው የምትመጣው፤ ስትነቃ የምታገኘው ሽታውን ብቻ ነው። ምን ታድርግ?"

ከዚያ ነገሩን ሁሉ አስቦ የጨረሰ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ቀጠለ። "ለወንድምሽ አርጅተዋል በይው። እግራቸው አይታዘዝም በይ። እኔ ምን እሆናለሁ? እሷን ግን አትንኩብኝ። መኪናዋ አትሸጥ፤ አንቺ ያዣትና በየወሩ አንቺ አምጫት። አነዳዱን አሳይሻለሁ።"

ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው፣ ከተማው የሚመሰክርለት ሰው፣ መንዳት አቃተው ይባልልኝ አለ። እንዲያ ሲል ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን ፊቴን ወደ ማሳው አዞርሁ፤ እንባዬን እንዳያይ ነው። ለምን እንደወደድሁት ያን ቀን ገባኝ ብል ውሸት ይሆናል፣ ድሮም አውቃለሁ። ምን ያህል እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ለወንድሜ እንዳዘዘኝ ነገርሁት።  ወንድሜም "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ፤ እሱም የደስታ አልነበረም። እናቴ ሰምታ "ተገላገልን" አለች፤ ግን ያን ምሽት ለአባቴ ራቱን ራሷ አቀረበችለት፣ እንዲበላም ብዙ ለመነችው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሰው የማይበዛበት ሜዳ ላይ አባቴ ያስተምረኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። እግሬ ግማሽ ነገር አያውቅም፤ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ ካልተነሣ ያሳክከዋል። "እግርሽን አታንሺ!" ይላል አባቴ ከጎኔ ሆኖ። "ያዢ፣ ያዢ፣ ያዢ... አሁን ትንሽ ልቀቂ። ኧረ ትንሽ ነው ያልሁሽ!" መኪናዋ ትንፈራገጣለች። "ምነው ልጄ፣ ሰው አልጫንሽም እንዴ?" ይለኛል። ተማሪዎቼ ይህን ባዩ ዕድሜ ልኬን ይሳለቁብኝ ነበር። ግን በጭሱ መሀል፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ አባትና ልጅ ለመኪና መርዝ የሆነውን አነዳድ እየተማርን ስንስቅ፣ ከዚያ የተሻለ ጊዜ ያሳለፍሁ አይመስለኝም። መጨረሻ ላይ "ይበቃሻል" አለኝ። እንዳልበቃኝ ሁለታችንም አውቀናል።

የሚቀጥለው ማኅበር ቀን አባቴ በሩን ዘግቶላት፣ በመስኮቱ ጋቢዋን አስተካክሎላት ቀረ። ስንወጣ በር ላይ ቆሞ እጁን አነሣ። እናቴ ወደ ኋላ ዞራ አላየችም፤ "አሁን እፎይ ብዬ እሄዳለሁ" አለች። 

አስፋልቱ ላይ ደኅና ነበርን። ከቡሬ ስንወጣ ትምህርቴን አስታውሼ ያዝሁ፣ ለቀቅሁ። እናቴ አልተኛችም። እንቅልፉን ትጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግን ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር ዓይኗ ይገለጣል። ዳገት ላይ የበርበሬ ጆንያ የጫነ የፈረስ ጋሪ ከፊታችን ቆመ። ቆምሁ። ጋሪው ሲንቀሳቀስ ለመነሣት ስል የዓመታት ልማዴ አሸነፈኝና እግሬ በራሱ ተነሣ። መኪናዋ ደንገጥ ብላ ተነሣች። ለተማሪ ቢሆን "ጎበዝ" የምለው አነሣሥ ነው። እናቴ ግን ድምፅ አወጣች። ጩኸት አይደለም፤ ትንፋሽዋ የተሰበረ ዓይነት። እጇ የመስኮቱን እጀታ ጨብጦ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል።

"ዛሬ መኪናዋ ምን ሆናለች?" አለች።

"ምንም አልሆነች፣ እማ።"

"እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም።" ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። "እዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። አሞኝ አያውቅም እኮ።"

የቀረውን መንገድ እንደምንም አባቴ እንዳሳየኝ ለመሄድ ጣርሁ። ግማሽ ረገጥሁ፣ ያዝሁ፣ በጥቂቱ ለቀቅሁ። መኪናዋ ለስለስ አለች። የእናቴ ጣቶች ከእጀታው ላይ ቀስ ብለው ላላ አሉ። ከዚያም ሽታው ገባ።

እናቴ አሸተተችው። መጀመሪያ አፍንጫዋን ልትሸፍን ነጠላዋን አነሣች፤ መሀል ላይ እጇ ቆመ። ዝቅ ብላ የግራ እግሬን ብዙ አየችው። መኪና ነድታ አታውቅም። ግን አንዴ ወደ እግሬ፣ አንዴ ወደ ዳሌዋ አየች።

"ይኸን አነዳድ አባትሽ ናቸው ያስተማሩሽ" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

"አዎን፣ እማ።"

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ነጠላዬ ተይዞብኝ ነው ያልሻቸው ቀን።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ታልቅስ ትሳቅ አላወቅሁም። "ጭስ እያልሁ" አለች ከነጠላው ሥር። "ጭስ፣ ጭስ እያልሁ ለልጃቸው ከሰስኋቸው።" መኪናዋን ዳር አስያዝሁ። ከዛፎቹ መሀል የደብሩ ጣሪያ ይታያል፤ ሴቶቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ወደ መንገዱ ያያሉ፣ አንዷ እኛን አይታ መነሣት ጀምራለች።

እናቴ ነጠላዋን አውርዳ ፊቷን ጠረገች። "አዙሪው" አለች።

"ደርሰናል እኮ፣ እማ። ማኅበሩስ? ተደብቆ የኖረ ነገር አሁን ምን ያስቸኩለዋል?"

"እኔ ከአባትሽ የደበቅሁት እንዳይጨነቁብኝ ነበር" አለች፣ "ከማርያም አልደበቅሁም። ስፍራዬን አንቺ ትይዥዋለሽ። አዙሪው፤ ቤት ገብቼ ለአባትሽ አሞኛል ልበላቸው።"

አጥሩ ሥር የቆመችው ሴትዮ እጇን እያውለበለበች ነበር። ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጌ አዞርሁ።